አሥራ ሁለቱ ኩፖኖች

ማሽኑ ጮኸ። እንደ ወትሮው አጭር ጢጥታ አይደለም፤ ረጅም፣ ጋሪ የሚገፋውን ሰው ሁሉ የሚያስቆም ድምፅ ነው ያወጣው። ካሸሯ ኩፖኑን በሽርጧ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ደግማ አስነበበችው። ማሽኑ ደግሞ ጮኸ።

ሎርና ፔትራሴክ መጀመሪያ ላይ ምንም አልመሰላትም። ቀኑ ረቡዕ ነው። ረቡዕ የቶርንበሪ ሱፐርማርኬት ከጋዜጣ ተቆርጦ ዋጋ የሚያስቀንሰውን ኩፖን በእጥፍ የሚያስብበት ቀን ስለሆነ፣ በኮልተንቪል ከተማ መቀስና የእሑድ ጋዜጣ ያለው ሰው ሁሉ ጋሪ እየገፋ ይመጣል፤ ማሽኑም እንደ ሰው የሚደክመው ይመስላል። ከኋላዋ ወይዘሮ ኦፓል ዱዴክ ጋሪያቸው ላይ ደገፍ ብለው፣ ይቺ ማሽን ከእኔ ጉልበት እኩል ነው ያረጀችው እያሉ ተራ የሚጠብቁትን ሴቶች ያስቁ ነበር።

«ባርኮዱ ደብዝዞ ይሆናል፤ ቁጥሩን በእጅሽ አስገቢው» አለች ሎርና።

ካሸሯ ከመጀመሪያው ኩፖን ላይ ቁጥሩን አነበበች። ሁለተኛውን አነሳች። ሦስተኛውን አነሳች። ከዚያ ቀና ብላ አየቻት። ሁለቱ አንድ ክፍል የተማሩ ናቸው፤ በዚያ አስተያየት ውስጥ ግን የትምህርት ቤት ጓደኛ አልነበረችም።

«ሎርና፣ ቁጥሩ አንድ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«የትኛው?»

«የሁሉም።»

ሎርና ኩፖኖቹን ተቀብላ ባንኮኒው ላይ ዘረጋቻቸው። አሥራ ሁለት ናቸው። እያንዳንዳቸው ምግብ ለማይዋጥለት በሽተኛ የሚሰጠውን ወተት አንድ ካርቶን በነጻ ያሰጣሉ። እንዲህ ሙሉ ዕቃ በነጻ የሚያሰጥ ኩፖን ልክ እንደ መታወቂያ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው። ሁለቱ ላይ አንድ ቁጥር ከተገኘ ከሁለት አንዱ ሐሰተኛ ነው ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ጀማሪ ብቻ ነው። ሎርና ደግሞ ይህንኑ ለጀማሪዎች የምታስተምር ሴት ነበረች።

አውራ ጣቷን በወረቀቱ ላይ አሳለፈች። ወፍራም ነው። ለስላሳ ነው። ጀርባው ነጭ ሆኖ አንድም ፊደል የለበትም። እንዴት ሳታየው ቀረች? ሌላ ሰው የሰጣት ኩፖን ቢሆን ወደ መብራት ከፍ አድርጋ ሳታይ ክላሰሯ ውስጥ አታስገባውም ነበር። እነዚህን ስትቀበል ግን ወረቀቱን አላየችም። የሰጪውን ዓይን ነበር ስታይ የነበረው።

የሱቁ ኃላፊ ዱዌን ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ወደ እነሱ መጣ። ኤሊስ፣ ምን አደረግኸኝ አለች ሎርና በሆዷ፤ ከንፈሯ ግን አልተላወሰም።

*

ኤሊስ ወደ ሕይወቷ የገባው ቅጠል መርገፍ በጀመረበት ሰሞን ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በከተማው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ሴቶች አንድ ክብ ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። ድመት የሌላት የድመት ምግቡን ኩፖን ታመጣለች፤ ሕፃን የሌላት የዳይፐሩን። ሁሉም የማይፈልጉትን መሃል ላይ ይጥሉና የሚፈልጉትን ያነሳሉ። የከተማው የመስታወት ፋብሪካ ተዘግቶ ብዙ ሰው ሥራ ካጣ ወዲህ ጠረጴዛው አልበቃ እያላቸው ነው። ሰብሳቢያቸው ወይዘሮ ኦፓል ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዱ፣ የከተማውን ወንድ ሁሉ አፍንጫው ሲዝረበረብ ጀምሮ የሚያውቁ ሴት።

ያን ቀን ጠዋት አንድ ረጅም ወጣት በሩ ላይ ቆመ። ክርኑ ላይ የሳሳ ሹራብ ለብሷል። ኩፖን የሚታደለው ከእሑድ ጋዜጣ ጋር መሆኑን ሰምቶ ጋዜጣውን ይዞ መጥቷል፤ ነገር ግን መሃል የሚገቡትን የኩፖን ገጾች ማስታወቂያ መስለውት ጥሏቸው ዜናውን ብቻ ነበር የያዘው። ሴቶቹ ሳቁበት። ወይዘሮ ኦፓል፣ «ግባ የኔ ልጅ። ከረሜላውን ጥለህ ወረቀቱን ልትመጥ መጣህ» አሉት።

ስሙ ኤሊስ መሆኑን፣ ወደ ከተማው ከመጣ ብዙ እንዳልቆየና ስለ ኩፖን መማር እንደሚፈልግ ነገራቸው። የት እንደሚሠራ ሲጠይቁት፣ እዚሁ ዕቃ መጋዘን አካባቢ አለና ዓይኑን ወለሉ ላይ ጣለ። ሎርና ያን ዓይን የድህነት እፍረት መሰላት። እፍረቱን ስለምታውቀው አዘነችለት፤ ወንበሯን ሳብ አድርጋም ከጎኗ አስቀመጠችው። የአባቱን ስም ግን አልጠየቀችም።

ከሁሉ በፊት አትቸኩል ነበር ያለችው። ገጾቹን እንዳሉ አስቀምጥ፤ ከላይ ቀኑን ጻፍባቸው። ኩፖን በእጁ ስለገባ ብቻ ወደ ሱቅ የሚሮጥ ሰው ያተረፈ ይመስለዋል እንጂ አያተርፍም። ዕቃው በራሱ እስኪረክስ ሦስት አራት ሳምንት ትጠብቃለህ፤ የሱቁ ቅናሽና ኩፖንህ አንድ ቀን ላይ ሲገናኙ ያኔ ትወጣለህ። የማትበላውን ረከሰ ብለህ አትግዛ። ሱቁ ምንም አይጎዳም፣ የኩፖኑን ዋጋ ዕቃውን ያመረተው ፋብሪካ ይመልስለታል፤ ስለዚህ አንገትህን አትድፋ። ካሸር እንቢ ካለችህ አትጣላ፣ ወረቀቱን አሳያት። «ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነው ሕጉ» ትለው ነበር። እሱም አንገቱን አቀርቅሮ ይጽፋል። መቀስ ሲይዝ ደግሞ ባርኮዱን መሃል ለመሃል ይገምሰዋል። እጁን ይዛ ታቃናዋለች፤ እጇም ለማቃናት ከሚያስፈልገው በላይ እዚያው ይቆያል። ሁለቱም ወረቀቱን የሚያዩ ይመስላሉ። አንዳቸውም አያዩትም።

ከዚያ ደብዳቤዎቹ መጡ። ደብዳቤ ማለት እንኳ ይበዛባቸዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ኩፖን በሚሰጣት ፖስታ ውስጥ ሸጉጦ የሚያስገባላት ቁራጭ ወረቀቶች ናቸው። አንዴ፣ «የሳሙናው እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው የሚሠራው። የእኔ ናፍቆት ግን የሚያበቃበት ቀን አልተጻፈበትም» ብሎ ጻፈላት። መኪናዋ ውስጥ አንብባ ብቻዋን ሳቀች። ከዚያ ደግማ አነበበችውና አልሳቀችም።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክናት ነበር። ረቡዕ ቶርንበሪ አብረን እንግዛ ባለችው ቁጥር ምክንያት አያጣም። አብረው የገበዩት አንድ ቀን ሲሆን፣ እሱም ወንዙን ተሻግረው በሌላ ከተማ ነው። በከተማዬ ሰው ፊት ከእኔ ጋር መታየት አፍሮ ነው ብላ አኮረፈች። እሱም ምንም ሳያስተባብል አንድ ሳምንት ሙሉ ፊቱ እንደጠቆረ ሰነበተ፤ በመጨረሻ ራሷ አዘነችና ይቅር አለችው።

የአባቷን ነገር የነገረችው ከዚያ በኋላ ነው። አባቷ ስታን ዕድሜውን የመስታወት ፋብሪካው ውስጥ የጨረሰ ሰው ነው፤ አሁን ሳንባውም ጉሮሮውም እንቢ ብለውት ከዚያ የበሽተኛ ወተት በቀር የሚወርድለት የለም። ወተቱ ውድ ነው። ለእሱ ደግሞ ኩፖን እምብዛም አይወጣም። እሷ በአረጋውያን መጦሪያ አልጋ እያነጠፈች ለነርስነት ስትማር ሁለት ዓመት ሞልቷታል፤ የሙያ ፈቃድ ፈተናው የሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ነው። ፈተናውን ካለፈች አባቷ ወተት አይቸግረውም። ኤሊስ የወተቱን ስም ጠይቆ ጻፈው።

ባለፈው ቅዳሜ ፖስታውን ሰጣት። አሥራ ሁለት ኩፖን፣ በላዩ አንድ ቁራጭ ወረቀት። «ለአባትሽ። አንድም ቀን እንዳይጎድልበት።» ሎርና በሰው ሁሉ ፊት አንገቱ ስር ገብታ አለቀሰች። በሃያ ሰባት ዓመቷ፣ ሳትጠይቅ የተሰጣት ነገር ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

*

የዱዌን ቢሮ ከሥጋ ክፍሉ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሎርናን ከጠረጴዛው ፊት አስቀመጧት። ወይዘሮ ኦፓል ከበር ተመልሰው ደጅ ቀሩ፤ ድምፃቸው ግን አልቀረም። ዱዌን የሚባል ልጅ አውቶቡሳቸው ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳስመለሰ ለገበያተኛው ሁሉ ሲተርኩ ይሰማል።

ረቡዕ ረቡዕ ሱቁን የሚጎበኙት ባለቤቱ ሚስተር ቶርንበሪም እዚያ ነበሩ። ሰባት ሱፐርማርኬት ያላቸው፣ ግራጫ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ የሚቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። አሥራ ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ደርድረው አንድ በአንድ በጣታቸው ይነካካሉ።

«ፖሊስ ተጠርቷል» አሉ። «ይህ ሌብነት ነው። ታውቂዋለሽ?»

ሎርና አውቃለሁ አለች፤ ግን እኔ አልሠራኋቸውም፣ አላየኋቸውምም አለች። የተናገረችው በራሷ ጆሮ እንኳ የውሸት ይመስል ነበር። ሃምሳ ሴት ያስተማረች ሰው አላየሁም ስትል ማን ያምናታል?

«ማን ሰጠሽ?»

«ሰው ነው የሰጠኝ።»

«ሰው ስም አለው።»

ሽማግሌው ወደ ኋላ ተደግፈው ረጋ ባለ ድምፅ አስረዷት። እሷን አይፈልጓትም። የሚፈልጉት እነዚህን እያተመ ለከተማው ሴቶች የሚያድለውን ሰው ነው። ስሙን ከተናገረች ፖሊሱን ከበር ይመልሱታል፤ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ካልተናገረች ክሱ በስሟ ይጻፋል።

ሎርና የፈተናው ቅጽ ዓይኗ ላይ መጣባት። አራተኛው ገጽ። በሌብነት ወይም በማጭበርበር ተከሰው ያውቃሉ? ከጎኑ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፤ አዎ፣ የለም። አዎ የሚለው ላይ ምልክት ያደረገ ሰው የታማሚ መድኃኒት በእጁ አይሰጠውም። ሁለት ዓመት አለቀ ማለት ነው። የአባቷ ነገርም አብሮ አለቀ።

አንድ ቃል ናት። ኤሊስ። ለመናገር ትንሽ ትንፋሽ ብቻ የምትፈልግ ስም ናት። ነገር ግን ያ ክርኑ ላይ የሳሳ ሹራብ ታያት። ባርኮድ መሃል ለመሃል የሚገምስ፣ ኩፖን በፎቶ ኮፒ እንደማይባዛ እንኳ የማያውቅ የመጋዘን ሠራተኛ፣ ወደ ሰው አገር ብቻውን የመጣ። ሆን ብሎ አላደረገውም፤ ይህን እንደ ራሷ ስም ታውቃለች። እሷ ብትወድቅ ወይዘሮ ኦፓል አሏት፣ አባት አላት፣ ከተማው ያውቃታል። እሱ ቢወድቅ ማን አለው? ከሥራው ያባርሩታል። እስር ቤት ማን ይጠይቀዋል?

«ስሙን አልናገርም» አለች።

ዱዌን ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። ሕፃንነቷን የሚያውቅ ሰው ነውና፣ ሎርና፣ ስለ አባትሽ ብለሽ ተናገሪ ብሎ ለመናት። ሽማግሌው ግን ዓይናቸውን አጥብበው አዩዋት።

«ለአንድ ሌባ ብለሽ ነው ራስሽን የምታጠፊው?»

«ሌባ አይደለም።» ድምፅዋ እንዲህ ጠንካራ መሆኑ ለራሷም አስደነገጣት። «ሌባ ቢሆን ኖሮ ከእርስዎ በፊት እኔ አሳልፌ እሰጠው ነበር። ድሃ ነው። እርስዎ ድሃ ሰው ሲሳሳት ምን እንደሚደርስበት አያውቁም። እኔ አውቃለሁ።»

ደጅ የወይዘሮ ኦፓል ትረካ ድንገት ተቋረጠ።

በሩ ተከፈተ።

ኤሊስ ነው። ሹራቡን አይደለም የለበሰው፤ ነጭ ሸሚዝና ከረባት ነው፤ ሲሮጥ የመጣ ይመስላል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። እሷን አየ። ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ወረቀቶች አየ።

«አባዬ» አለ።

ሎርና ማንን ነው የሚጠራው ብላ ወደ ኋላዋ ዞረች። ከኋላዋ ግድግዳ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ሽማግሌው ተመለሰች። ያንኑ ረጅም አፍንጫ፣ ያንኑ ሲጨንቀው የሚኮማተር የዓይን ጥግ፣ አሥር ሳምንት ሙሉ ከጎኗ አስቀምጣ ስታየው የነበረውን ፊት፣ አርጅቶና ግራጫ ካፖርት ለብሶ አገኘችው።

እጆቿ ጉልበቷ ላይ ነበሩ። የማን እጆች እንደሆኑ ጠፋባት።

*

«ኤሊስ፣ ወደ ላይ ውጣ። ሥራ ላይ ነን» አሉ ሚስተር ቶርንበሪ።

«እኔ ነኝ» አለ ኤሊስ። «የምትፈልገው ሰው እኔ ነኝ። አንዱን ኩፖን ፋብሪካው ናሙና ብሎ ለመሥሪያ ቤቱ ልኮት ነው ያገኘሁት። ሌሎቹን በአንተ ቢሮ ማሽን ነው ያባዛኋቸው፤ በባለ ቀለሙ። የተከለከለ መሆኑን አላወቅሁም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሕግ መስሎኝ ነበር።»

ሎርና የራሷን ቃል ከእሱ አፍ ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች። በዕድሜው አንድ ቀን እንኳ የወተት ዋጋ አስጨንቆት የሚያውቅ ሰው ይህን ስህተት አይሠራም። ኩፖን እንደ ማስታወቂያ የሚባዛ ወረቀት የሚመስለው ኩፖን አስፈልጎት ለማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ሹራቡ ዋሽቷታል፣ መጋዘኑ ዋሽቷታል፤ ይህ ስህተት ግን እውነቱን ሁሉ ተናገረ፤ ጀርባው ነጭ የሆነውን ወረቀት ብታገላብጥ ኖሮ ቅዳሜ ዕለት ታነበው ነበር።

ፖሊሱ በዚህ መሃል ገባ። ቆቡን አውልቆ የተከሰሰው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

ሚስተር ቶርንበሪ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ አሥራ ሁለቱን ወረቀቶች በአንድ እጃቸው ሰብስበው ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ።

«ማንም አልተከሰሰም» አሉ። «ትንሽ የቢሮ ስህተት ነበረች፤ ተፈታች። እርስዎም፣ ወይዘሪት፣ ለደረሰብዎ መጉላላት አዝናለሁ። ዕቃውን ይውሰዱት፤ ከእኛ ስጦታ ነው።»

እስካሁን አንቺ ሲሏት የነበሩት ሰውዬ አንቱ አሏት። ሎርና ከወንበሯ ተነሳች።

«ከአምስት ደቂቃ በፊት ሌብነት ነበር» አለች። «እኔ ስሆን ሌብነት፤ ልጅዎ ሲሆን ስህተት።»

ፖሊሱ ቆቡን በእጁ አዞረው። ሎርና ስጦታውን አልፈልግም አለች፤ የምትፈልገው እንዳልተከሰሰች የሚገልጽና የሱቁ ማኅተም ያለበት አንድ ወረቀት ነው። ዱዌን እያላበው በማሽኑ ጻፈላት፣ ሽማግሌው ፈረሙ። ሎርና ቆማ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች።

«እዚህ ጋ፣ ለዚህ ጊዜ በይቅርታ ታልፋለች ይላል። ይቅርታ ለአጥፊ ነው። አውጡትና፣ በእሷ በኩል ምንም ጥፋት አልተገኘም ብላችሁ ጻፉ።»

ሚስተር ቶርንበሪ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ልጃቸው ግን ቀድሞ እስክሪብቶውን አንስቶ መስመሩን ሰረዘው።

እጁ ከእጇ አጠገብ ነበር። አልነካችውም። ወረቀቱ እንደገና ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም አርፎበት ሲሰጣት አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችና ማንንም ሳታይ ወጣች።

ወደ ካሸሯ ተመልሳ አባቷን እስከ እሑድ የሚያደርሱ ሁለት ካርቶኖች አነሳች። ከቦርሳዋ ጥሬ ገንዘብ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ከአራት ዓመት ወዲህ ሎርና ፔትራሴክ በሙሉ ዋጋ ዕቃ ስትገዛ የታየችው ያን ቀን ነው። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሰው የሞተ ይመስል ጋሪያቸውን ወደ ጎን አድርገው አሳለፏት።

*

መኪናዋ ጋ ስትደርስ ከኋላዋ የጫማ ድምፅ ሰማች። ኤሊስ ያለ ኮት ነው የወጣው፤ ከወንዙ የሚመጣው ነፋስ ከረባቱን ትከሻው ላይ ጥሎታል። ተከትለዋት የወጡት ወይዘሮ ኦፓል መኪናው ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉ፤ መስኮቱን ግን አልዘጉትም።

እሱ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገራት። ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ያደገው በሩቅ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ ከሱቁ ሠራተኞች በቀር መልኩን የሚያውቅ ሰው በከተማው የለም። አባቱ የረቡዕን እጥፍ ሊያስቀሩ ስላሰቡ፣ መደርደሪያ የሚያራግፉት ሴቶች እነማን እንደሆኑ እይልኝ ብለው ላኩት። ሁለት ሳምንት ያየውን ጻፈላቸው። በሦስተኛው ሳምንት አቆመ። ስለ እሷ አንድም ቃል አልጻፈም። ልንገራት ብሎ ያላሰበበት ቅዳሜ የለም፤ ግን ቅዳሜ ሲደርስ ወንበሯን ሳብ ታደርግለታለች፣ እሱም ያን ወንበር ላለማጣት ዝም ይላል።

ሎርና አዳመጠችው። ስትናገር ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር፤ ይህ ደግሞ ከጩኸት ይልቅ አስፈራው።

«አባትህ ስምህን ሲጠይቁኝ አልናገርም አልኩ። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? ከሥራ ያባርሩታል፣ ዳቦውን ያጣል ብዬ። የሁለት ዓመት ድካሜን፣ የአባቴን ነፍስ ለዳቦህ አስያዝኩ። ዳቦ ቤቱ የአንተ መሆኑን አላወቅሁም።»

«መያዝሽን ሰምቼ ስሮጥ መጣሁ፤ በር ላይ ሆኜ የመጨረሻውን ሰምቻለሁ» አለ ኤሊስ። ዓይኑ ሞልቷል። «ድሃ ነው ስትይ። በዕድሜዬ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ሎርና፣ ልካስሽ። ከእንግዲህ ያ ሁሉ መቁረጥ፣ ያ ሁሉ መጠበቅ አያስፈልግሽም። አንዲት ኩፖን በእጅሽ እንዳትይዢ አደርጋለሁ።»

ከሁሉ የከፋውን ነገር እንደተናገረ ያወቀው ፊቷን አይቶ ነው።

«ምን አልክ?»

«እኔ...»

«አሥር ሳምንት ከጎኔ ተቀምጠህ ያየኸው ልመና ነው?» ካርቶኖቹን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘቻቸው። «እኔ አባቴን በዚያ መቀስ ነው ያኖርኩት። ከማንም እጅ ሳልጠብቅ፣ ቀን ቆጥሬ፣ አንብቤ፣ አስቤ። በሕይወቴ በደንብ የማውቀው ነገር እሱ ነው። ያን ነው ያስተማርኩህ። የተሻለ ነገር ስላልነበረኝ ያለኝን ሰጠሁህ። አንተ ደግሞ ልታስጥለኝ ትፈልጋለህ።»

ኤሊስ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ፣ መንገዱንም ለቀቀላት።

ሎርና ካርቶኖቹን ከኋላ ወንበር ላይ አድርጋ መሪውን ጨበጠች። ሞተሩ ተነሳ። መኪናው ግን አልተንቀሳቀሰም። በመስተዋቱ ውስጥ፣ ነፋሱ የሚገፋው ነጭ ሸሚዝ ባለበት ቆሟል፤ እሷም እግሯን ፍሬኑ ላይ እንዳደረገች ማልቀስ ጀመረች።

ወይዘሮ ኦፓል መሐረባቸውን አቀበሏት።

«ወረቀትሽን አግኝተሻል» አሏት። «ፈተናሽን ትፈተኛለሽ። ያን ሽማግሌ በገዛ ቢሮው አፉን አስይዘሽዋል። እንግዲህ ምንድን ነው የሚያስለቅስሽ የኔ ልጅ? ውሸቱ ነው?»

ሎርና መልሱን ፈለገች። ውሸቱ ነው ልትል ነበር፤ አይደለም። ስድቡ ነው ልትል ነበር፤ እሱም አይደለም። መሪውን ይዛ ስታስብ፣ ቢሮ ውስጥ የገባባት ነገር እንዳለ ተሰማት፤ በድንጋጤው ላይ ድንጋጤ ሲደራረብ ሳታየው ያለፈችው ነገር።

«በሩ ሲከፈት» አለች። «አባዬ ከማለቱ በፊት ነው። ማን እንደሆነ ከማወቄ በፊት። ፖሊስ ሊመጣብኝ፣ ሁሉ ነገር ሊያልቅብኝ፣ ቁጭ ብዬ እየተንቀጠቀጥኩ ነበር። ያኔ ፊቱን አየሁ።»

«እህ?»

«ደስ አለኝ፣ ወይዘሮ ኦፓል። መጣ ብዬ ደስ አለኝ።» መሐረቡን አፏ ላይ ያዘች። «ከዚያ ሁሉን ሰማሁ። እንዲህ ከተናደድኩም፣ እንዲህ ከቆሰልኩም በኋላ ያ ደስታ ይጠፋል ብዬ እየጠበቅሁት ነው። አልጠፋም።»

ሎርና ከአፏ የወጣውን ቃል ራሷ እያዳመጠች ተቀመጠች፤ ከቀኑ ድንጋጤ ሁሉ ይህኛው ብቻ ከደረቷ አልወርድ አላት።